«ሐሴት»ን በቦታው መጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሰርግ ካርድ፣ ደብዳቤና የምርቃት መልእክት እጽፋለሁ፤ ስለ ደስታ ቃላት ሰው ቆሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫለሁ።

ሐሴት ምን ማለት ነው?

ጥልቅ ደስታ ማለት ነው። ልብ ሞልቶ የሚፈስ፣ ለጊዜው ሌላ ሐሳብ የማያስገባ ደስታ።

ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ነው። በግዕዝ «ተሐሥየ» ማለት ደስ አለው፣ ተደሰተ ማለት ነው። ስሙ «ሐሤት» ይሆናል። አማርኛ ስሙን ወሰደና ግሱን እዚያው ተወው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ወረድ ብላችሁ ትፈልጓታላችሁ።

ምሳሌ፦ «ልጇ ከስድስት ዓመት በኋላ ከጅዳ ስትመለስ እናትየዋ ሐሴት አደረገች።» ስድስት ዓመቱን ልብ በሉ። ሐሴት ብዙ ጊዜ ከኋላው ረጅም መጠበቅ፣ ስጋት ወይም ስለት አለው።

«ደስታ» እያለ «ሐሴት» ምን ይሠራል?

ደስታ የአዘቦት ቃል ነው፤ ሐሴት የክት። ጠዋት ትኩስ ፈጢራ በማር ስበላ ደስ ይለኛል። የጠፋው መብራት ሲመጣ ደስ ይለኛል። በቀትር ሐሩር ባዶ ባጃጅ ሳገኝማ በጣም ደስ ይለኛል። በአንዱም ግን ሐሴት አላደርግም። «በፈጢራው ሐሴት አደረግኩ» የሚል ሰው ካገኛችሁ እየቀለደ ነው። ቀልዱም አይከፋም።

ሌላው ልዩነት ደስታው የሚያርፍበት ቦታ ነው። አማርኛ ደስታን ለአካል ክፍሎች ያከፋፈለ ይመስለኛል። ጥርስ ላይ ሲያርፍ «ጥርሱ አልከደን አለ» እንላለን። ፊት ላይ ሲያርፍ «ፊቱ ፈካ»። ጉሮሮ ሲደርስ እልልታ ይሆናል። እግር ላይ ሲወርድ «ጮቤ ረገጠ»። ሐሴት ግን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከውጭ ላይታይም ይችላል።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ያየኋት ሴት አለች። ስለቷ ሰምሮላት የመጣች ናት። ዙሪያዋን እልልታው ይቀልጣል። እሷ ያመጣችውን ጃንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ያሉት እልል አሉ። እሷ ሐሴት አደረገች።

በየትኛው «ሐ»፣ በየትኛው «ሰ» ነው የሚጻፈው?

በግዕዙ ከሄድን በሐመሩ «ሐ» እና በንጉሡ «ሠ» ነው፦ ሐሤት። ዛሬ ብዙ ሰው «ሐሴት» ብሎ ይጽፈዋል። ስልክ ላይ ደግሞ «ሀሴት» እና «ሃሴት» ይበዛሉ። ሲነበቡ አንድ ስለሆኑ የሚደናገር የለም። በብዙኃኑ «ኀ» የሚጽፉትን ግን አልደግፍም። «ኃሤት» ለማሳመር ተብሎ የሚመጣ ነው፤ ሥር የለውም።

እኔ ለካርድ «ሐሤት»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ገጽ ላይ የተለመደውን «ሐሴት» ይዣለሁ። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻ መዝለቅ ነው። ከላይ «ሐሴት» ከታች «ሃሤት» ያለበት ካርድ ሁለት የተጣሉ ሰዎች የጻፉት ይመስላል።

«ሐሰት» እና «ሐሴት» ቢምታቱስ? ሰው ከዐውዱ ይረዳው የለ?

ከእኔ ተማሩ። ጥር ላይ ነበር፤ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደረብበት ወር። ለአንድ የሳቢያን ቤተሰብ 300 ካርድ አተምኩ። «ልጆቻችን በሐሴት የሚጣመሩበት ቀን» ማለት ነበረበት። እኔ «በሐሰት» ብዬ ተይቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ፤ አልታየኝም።

የሙሽሪት እናት ካርዱን ሊወስዱ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ልጄን በሐሰት ነው እንዴ የምድራት?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንደገና ለማተም ጊዜ አልነበረም፤ ካርዱ በማግስቱ መበተን አለበት። «ሰ»ን «ሴ» የምታደርጋት እግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ ገዛሁና ቁጭ አልኩ። እናትየዋም አልሄዱም። ወንበር ስበው እየቆጠሩ ያቀብሉኝ ጀመር። 300 ካርድ፣ 300 ቀለበት። መሃል ላይ ሳቃቸው መጣ። «እኛ ለልጃችን አንድ ቀለበት ነው ያሰርንላት፤ አንተ ሦስት መቶ አሰርክ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ላይ «ሐሤት» ነው የምጽፈው። ውሸቱ «ሐሰት» በእሳቱ «ሰ» ነው። በንጉሡ ስጽፍ ቀለበቷ ብትረሳ እንኳ «ሐሠት» ይሆናል፤ ያኔ ቢያንስ የፊደል ግድፈት መሆኑ ያስታውቃል።

ከየትኛው ግስ ጋር ነው የሚሄደው?

ዋናው ጓደኛው «አደረገ» ነው፦ ሐሴት አደረግኩ፣ ሐሴት አደረገች፣ ሐሴት እናድርግ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የማርያም ጸሎት ላይ አማርኛው «ሐሤት ታደርጋለች» ይላል። ግዕዙ ያንኑ በአንድ ቃል «ትትሐሠይ» ብሎ ይጨርሰዋል። አማርኛ ግሱን ትቶ ስለመጣ «ማድረግ»ን መበደር ነበረበት።

«ሐሴት ተሰማኝ»፣ «በሐሴት ተሞላሁ»፣ «ልቤን ሐሴት ሞላው» ጥሩ ናቸው። «ሐሴት አለኝ» አይሄድም፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ያስመስለዋል። «ደስ አለኝ» ስለሚባል ነው ሰው የሚሳሳተው። እዚያ ያለው ግን «አለ» የሚለው ቃል ሌላ ሥራ ነው፤ ቀጥሎ አየዋለሁ። «ሐሴት ሆንኩ»ም አይባልም። «ሐሴታማ ቀን» የሚል አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል፤ «የሐሴት ቀን» ብላችሁ ብትተዉት ይሻላል።

«ደስ አለኝ» እንጂ «ደስ አልኩ» ለምን አይባልም?

ይህን የሚጠይቁኝ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ የድሬ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በኦሮምኛ «ገመዴ» ሲል ተናጋሪው ራሱ የግሱ ባለቤት ነው፤ ተደሰትኩ እንደማለት። በአማርኛ «ደስ አለኝ» ስንል ግን ደስታው መጥቶብን ነው። እኛ ተቀባይ ነን። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ እንደምንለው ነው። ስለዚህ ደስ አለኝ፣ ደስ አለህ፣ ደስ አላት፣ ደስ አላቸው እያለ ይሄዳል። «እኔ ደስ አልኩ» የሚል ሰው «እኔ ራብኩ» እንዳለ ይቁጠረው።

አሁን ረቂቁ ነገር ይመጣል። «ደስ» ባለቤት ይዞ የሚሄድበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ትርጉሙ ይገለበጣል። «ደስ ይልሻል» ማለት ትደሰቻለሽ ማለት ነው። «ደስ ትያለሽ» ማለት ግን ሌላውን ደስ የምታሰኚ ነሽ፣ ታምሪያለሽ፣ ትወደጃለሽ ማለት ነው። አንድ ወጣት ለእጮኛው ሊልክ ያዘጋጀውን መልእክት አሳየኝ። «ሳይሽ በጣም ደስ እላለሁ» ይላል። ራሱን ነው ያሞገሰው። «ደስ ይለኛል» አድርጌ መለስኩለት።

ባለቤቱን ፊት ማምጣት ከፈለጋችሁ «ተደሰትኩ» አለላችሁ። ትንሽ መደበኛ ነው፤ ለደብዳቤ ይሆናል። አፍ ላይ ግን «ደስ አለኝ»ን የሚያህል የለም።

«ጮቤ ረገጠ» ነው «ጩቤ ረገጠ»?

ጮቤ። ጩቤ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ስለት ነው። «ልጁ ፈተና ማለፉን ሲሰማ ጩቤ ረገጠ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ሐኪም ቤት መግባት አለበት።

ጮቤ መርገጥ በደስታ መዝለል፣ እግርን መቆጣጠር ማቃት ነው። ዛሬ ቃሉ ከ«ረገጠ» ተለይቶ አይሄድም። ለኳስ የተፈጠረ ይመስላል። «የምድብ ጨዋታዋን ድሬዳዋ ላይ የጀመረችው ሞሮኮ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ተጫዋቾቿ ጮቤ ረገጡ» ቢባል ቦታው ነው። «ሐሴት አደረጉ» ቢባልም አያስነቅፍም፤ ግን ሜዳውን ጸጥ ያሰኘዋል።

እግር የሌለው ነገርም ጮቤ ሲረግጥ ታገኙታላችሁ። «ልቤ ጮቤ ረገጠች» የተለመደ ነው።

ፈነደቀ፣ ቦረቀ፣ ፈነጠዘ፣ ፌሽታ... ሁሉም አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ፈነደቀ ደስታው ከሰውነት ሁሉ ሲፈነዳ ነው፤ ፊትም እጅም ድምፅም አለበት። ከሐሴት ቀጥሎ ጠንካራው እሱ ይመስለኛል፣ ልዩነቱ እሱ ይታያል። ቦረቀ የልጅና የጥጃ ነው። «ሕፃናቱ ደቻቱ አሸዋ ላይ ቦረቁ» ያምራል። «ሥራ አስኪያጁ ቦረቁ» ካላችሁ ግን ደብዳቤው የሚደርሰው ለማን እንደሆነ አስቡ።

ፈነጠዘ መብላት፣ መጠጣት፣ መጨፈር አለበት። ብዙ ጊዜ ትንሽ ወቀሳም አዝሏል። «አባቱ ታሞ እሱ ይፈነጥዛል» ሲባል ትሰማላችሁ። ፌሽታ ከጣሊያንኛ የመጣ ስም ነው፤ ድግሱን፣ ግርግሩን ያመለክታል እንጂ ስሜቱን አይደለም። «ፌሽታ ተሰማኝ» አይባልም። «ትናንት እነሱ ቤት ፌሽታ ነበር» ይባላል።

ሐረር ላይ ይህ ምርጫ ቁም ነገር ይሆናል። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ቀናት ጾመው ሲጨርሱ ሸዋልኢድን ያከብራሉ። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለሱ የጻፈ አንድ ወዳጄ «ጀጎል በፈንጠዝያ አነጋች» ብሎ ጀመረ። እኔ ባልለው እመርጣለሁ አልኩት። ጾምን ተከትሎ የሚመጣ፣ ዚክርና ምርቃት ያለበት በዓል ላይ «ፈንጠዝያ» ቅር ያሰኛል። «ጀጎል በደስታ አነጋች» ብሎ ቀየረው። ቀላሉ ቃል ሠራ።

«ደስተኛ ነኝ» ማለት ስህተት ነው?

ስህተት አይደለም፤ ቦታው ላይ ሲሆን። ደስተኛ ጠባይን ወይም የሚቆይ ሁኔታን ይናገራል። «ጎረቤቴ ደስተኛ ሴት ናት»፣ «በትዳሩ ደስተኛ ነው» ይሄዳሉ። ጆሮዬን የሚያሳክከኝ «ስለመጣህ ደስተኛ ነኝ» እና «በውጤቱ ደስተኛ ነኝ» የሚለው ነው። ሰው ሲመጣ ደስተኛ አይኮንም። «እንኳን መጣህ!» ይባላል። ቢበዛ «ስለመጣህ ደስ ብሎኛል»።

«እንኳን ሐሴት አደረግህ» ይባላል?

አይባልም። የደስታ መግለጫው አንድ ነው፦ እንኳን ደስ አለህ፣ አለሽ፣ አላችሁ፤ ለታላቅ ሰው «እንኳን ደስ አለዎት»። «እንኳን ደስ ያለህ»ም ይባላል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። መልሱን ግን ብዙ ወጣት ረስቶታል። «አመሰግናለሁ» ብሎ ዝም ይላል። የኛ መልስ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ነው። ደስታውን መልሶ ያካፍላል።

ሐሴትን የግድ ማስገባት ከፈለጋችሁ በምኞት በኩል አስገቡት፦ «ትዳራችሁ በሐሴት የተሞላ ይሁን።» አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐሴት የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው? ለሙስሊም ቤተሰብ ካርድ ላይ ቢጻፍ ነውር አለው?

ድሬ ላይ ይህን በሳምንት አንዴ እጠየቃለሁ። ቃሉ የግዕዝ ልጅ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስና በቅዳሴ ቋንቋ ብዙ አገልግሏል። ስለዚህ አንዳንድ ጆሮ ላይ የዕጣን ሽታ አለው። ግን ዛሬ የአማርኛ ቃል ነው። ጋዜጣውም፣ ግጥሙም፣ ማስታወቂያውም ይጠቀምበታል። ነውር የለውም።

ነውር የለውም ማለት ግን ሁሉም ይወደዋል ማለት አይደለም። እኔ የማደርገው መጠየቅ ነው። የመጋላ ቤተሰቦች ለኒካህ ጥሪ ብዙ ጊዜ «በደስታችን ቀን እንድትገኙልን» የሚለውን ይመርጣሉ። አጭርና ለሁሉም የሚሆን ነው። ባለፈው ግን አንዲት ሙሽራ ራሷ «ሐሤት ይግባበት» አለችኝ። ስሟ ሐሴት የሆነ ጓደኛ አላት፤ ቃሉን በእሷ ወዳዋለች።

ስም ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ከተማ አንድ ክፍል ውስጥ ደስታ፣ ፍሥሐ፣ ፈርሃንና ገመቹ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዱ አማርኛ ነው፣ አንዱ ግዕዝ፣ አንዱ ዐረብኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ። መምህሩ ስም ሲጠራ አራት ጊዜ ደስታን እየጠራ ነው። አቦ፣ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ሐሴት ባላደርግም።

ምርቃናን «ሐሴት» ማለት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከማን እንደሚመጣም ታውቃላችሁ።

የኔ መልስ አይቻልም ነው። ምርቃና ስሙ ራሱ በቂ ነው። ከቅጠሉ ይመጣል፤ ትኩሱ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ወሬው ይጥማል፣ ሐሳቡ ይፈጥናል፣ ሰው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቶ ያከራያል። ማታ ሲበርድ ፎቁም ይፈርሳል። ሐሴት ግን ምክንያቱ ከሕይወት ነው የሚመጣው፤ ሲበርድም ምክንያቱ አብሮ አይጠፋም። ልጇ ከጅዳ የተመለሰችላት እናት በማግስቱ ስትነቃ ልጇ አጠገቧ ናት። «በምርቃና ሐሴት አደረገ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለቀልድ ካልሆነ አልጽፍም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ የፊደል ነገር ነው። «መረቀነ» ሌላ፣ «መረቀ» ሌላ፣ «ተመረቀ» ሌላ። አንድ አባት የልጃቸውን ምርቃት ለዘመድ ሊያበስሩ በስልካቸው «ልጄ ዛሬ መረቀነ» ብለው ልከው ነበር። ዘመድ ሁሉ እየደወለ «አይዞዎት፣ ዕድሜው ነው» አላቸው።

በሰው ውድቀት የሚሰማ ደስታስ? እሱም ሐሴት ይባላል?

በዛሬ አማርኛ ሐሴት ንጹሕ ቃል ነው፤ ለክፉ ደስታ ባናውለው ይሻላል። ለዚያ ጮቤ አለ። «በወንድሙ መክሰር ጮቤ ረገጠ» ሲባል ወቀሳው ቃሉ ውስጥ ነው። ያው ቃል ለጎልም ለክፋትም ይሠራል፤ የሚለየው ከፊቱ ያለው ነው።

ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ «ሰርግና ምላሽ ሆነለት» አለ። «የሱቁ መዘጋት ለጎረቤቱ ሱቅ ሰርግና ምላሽ ሆነለት።» ሰውየው ክፉ ነው አላላችሁም። ግን ሰምተናችኋል።

«እጅግ በጣም ከፍተኛ የሆነ ሐሴት» ቢባል ስሜቱን አያጠነክረውም?

ያደክመዋል። ሐሴት ራሱ «በጣም» ነው። ስኳር ላይ ማር አታፍስሱ፤ ጣፋጩ ሙሸበክ እንኳ ልክ አለው። አንድ ማጉያ ካስፈለገ «ታላቅ ሐሴት» ይበቃል።

የመሥሪያ ቤት ንግግር ላይ ደግሞ «የተሰማኝን ወደር የለሽ ሐሴት ለመግለጽ እወዳለሁ» የሚል ይመጣልኛል። ሰውየው ሐሴት ላይ ሆኖ «ለመግለጽ እወዳለሁ» ይላል እንዴ? ሐሴት የያዘው ሰው ቃል ያጣል። ለእሱ «የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ» የሚል ያማረ አገላለጽ አለን። ለንግግር ግን «ታላቅ ደስታ ተሰምቶኛል» በሉና ወደ ቁም ነገሩ እለፉ።

ታዲያ መቼ ነው «ሐሴት» ብዬ የምጽፈው፣ መቼ ነው የምተወው?

እኔ ራሴ አሁንም እሳሳታለሁ። በቀደም አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ደብዳቤ ሊያጽፉ መጡ። ልጃቸው ሩቅ አገር ነው። ሴት ልጅ ወልዶ በእሳቸው እናት ስም ጠርቷታል። ይህን ሲነግሩኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ደጋግመው ጠርዙን ይዳብሳሉ። እኔ ልቤ ተነካና ፈጠን ብዬ ጀመርኩ፦ «ውድ ልጄ፣ የሰማሁት ዜና ልቤን በሐሴት...»

«ምን እያልክ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሐሴት አድርገዋል ብዬ ነው።»

«አድርጌያለሁ» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «እሱን ግን ተወው። ደስ ብሎኛል በለው። ከዚያ ደግሞ እናቴ ቡና ስታፈላ ትዘፍን ነበር በለው። ልጅቷ ትዘፍናለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።»

«ጋሼ፣ ገና አርባ ቀኗ እኮ ነው።»

«ጠይቅ አልኩህ እኮ፣ አቦ!»

ጻፍኩት።